የታካሚ ጫና ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች በአንድ ቫይረስ ታመሙ እንበል። እድሜያቸው እኩል ነው፤ የሳምባቸው ጉዳትም ያው ነው። አንዱ ሆስፒታል የገባው አልጋ እንደ ልብ በሚገኝበት ሳምንት ነው። ሌላው ኮሪደሩ ሳይቀር በታማሚ በተጨናነቀበት። የመዳን እድላቸው እኩል አይደለም።

የታካሚ ጫና የምንለው ይህንን ነው፦ ሆስፒታሉ ካለው አቅም አንጻር የተሸከመው የሕመም ክብደት። የሰው ቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው አሥር ሰዎችና በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) የሚተነፍሱ አሥር ሰዎች አንድ አይነት ሸክም አይደሉም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ በኮቪድ ጊዜ ተለክቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ኦገስት፣ በ558 ሆስፒታሎች የተኙ ከ144 ሺህ በላይ የኮቪድ ታካሚዎች ተጠኑ። የእያንዳንዱ ሆስፒታል ጫና የተመዘነው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው የአልጋ ብዛት ጋር ነው። ከሞቱት ታካሚዎች ወደ ሩብ የሚጠጋው ሞት ከጫናው ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ተገመተ። ይህን ቁጥር ሳነብ ደንግጫለሁ። እነዚያ ሰዎች ሆስፒታል ደርሰው ነበር እኮ!

ጫና እንዴት ይገድላል? ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ በተለመደው ጊዜ አንድ ነርስ አጠገቡ አለች። ሲጨናነቅ ያቺው ነርስ ለሦስት ለአራት ሰው ትሮጣለች። ኦክስጅኑ ሲወርድ ቶሎ የሚያይ አይኖርም። ታካሚን በሆዱ ማስተኛት ሳምባን ይረዳል፤ ግን የመተንፈሻ ቱቦ የገባለትን ሰው ለመገልበጥ ብዙ እጅ ይጠይቃል። አልጋ በአንድ ሌሊት ሊዘረጋ ይችላል። የጽኑ ሕሙማን ነርስ ግን በአንድ ሌሊት አትሠለጥንም።

በዚያ ዓመት ሕክምናው እየተሻሻለ ሄዷል። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት የጠና የኮቪድ ታካሚዎችን ሞት እንደሚቀንስ የታወቀው በጁን ነበር። ሆኖም ጫናው ከዚያም በኋላ መጉዳቱን አላቆመም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት የኮቪድ ታካሚዎች 48.2 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። የዓለም አማካይ 31.5 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአልጋና የመሣሪያ እጥረት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጫና የወረርሽኝ ማዕበል እስኪመጣ አይጠብቅም፤ በአዘቦቱም ቀን አለ።