የጎንደር የገበያ ሕንፃዎች፦ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ

ጎንደር ውስጥ «ሞል» ሲባል በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሱቅ የያዘ ባለፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ምድሩ ላይ ልብስ፣ ጫማና ሞባይል ይሸጣል፤ ባንክም አይጠፋም። ከፍ ሲሉ ካፌና የውበት ሳሎን ይገኛል። ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የተዘጋ በርና «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ ነው። በቪየና ተወላጁ ቪክቶር ግሩን የተነደፈው ሳውዝዴል የተባለ ዝግ የገበያ ማዕከል በአሜሪካ ሚኒሶታ የተከፈተው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። የሚኒሶታ ክረምት በረዶ ነው። ሰው በመኪናው መጥቶ ሙቀት ውስጥ ይገበያያል። የጎንደር አየር ግን ወይና ደጋና ነፋሻ ነው። ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ በቀር ሰውን ከመንገድ የሚያባርር የለም። ይህን ልዩነት ብዙ አልሚ የዘነጋው ይመስለኛል።

ጎንደር ደግሞ ንግድን ገና የምትማር ከተማ አይደለችም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ወዲህ ሲራራ ነጋዴዎቿ ወደ ምጽዋና ወደ ሱዳን ሲመላለሱ ኖረዋል። የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር የነበረው አዲስ ዓለም ዛሬም ስሙ አለ። ጣሊያን እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በቆየባቸው ጥቂት ዓመታት ፒያሳን ሲሠራ ሱቆቹን ፊታቸውን ወደ መንገድ አዞራቸው። አራዳና ቅዳሜ ገበያም ከነግርግራቸው ሜዳ ላይ ናቸው። ጎንደሬ መግዛት የለመደው በእግሩ እየሄደ፣ ሰላም እየተባባለ፣ ዋጋ እየተከራከረ ነው።

ሕንፃዎቹ ሲበዙ ጊዜው ጥሩ ነበር። ቱሪስት ይመጣል፤ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ገንዘብ ያመጣል። ብርጭቆ የለበሰ ፎቅ ላይ ሱቅ መክፈት ለወጣት ነጋዴ ትልቅ ክብር ነበር።

ከዚያ ችግሩ ተደራረበ። በ2012 ኮሮና ገባ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በ2015 በሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ግጭት ተነሣ። ቱሪስቱ ጠፋ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ከውጭ የሚገባ ልብስ ይበልጥ ተወደደ።

ሕንፃ የሚዳከመው ከላይ ወደ ታች ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማል። ሕፃን ያዘለች እናት አራተኛ ፎቅ በደረጃ አትወጣም። ደንበኛ ሲቀር ኪራይ ይከብዳል፤ ነጋዴውም ዕቃውን ይጠቀልላል። ያ ሰው ቁጠባውን ሁሉ እዚያ ያፈሰሰ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ምድር ቤቱ ግን እንደ ሱቅ ጎዳና ነውና ይቆያል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ጥር ሲደርስ ግርግሩ ይመለሳል። ያኔ የላይ ፎቅ ነጋዴዎችም የሐበሻ ቀሚሳቸውን ተሸክመው ይወርዱና ዋናው በር ላይ ይሰቅሉታል።