መንታና ዘር

አንዲት ሴት መንታ ስትገላገል፣ ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ «በቤታችሁ መንታ አለ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ «መንታ በዘር ነው» የሚለው አባባል የሚሠራው ከሁለቱ የመንታ ዓይነቶች ለአንደኛው ብቻ ነው፤ ዘሩ የሚተላለፍበት መንገድም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል።

የመጀመሪያው ዓይነት የሚገኘው አንድ እንቁላል ከአንድ የወንድ ዘር ጋር ተዋሕዶ ጽንስ ከሆነ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ሲከፈል ነው። እነዚህ ልጆች ጾታቸው አንድ ነው፤ መልካቸውም ለዘመድ እስኪያስቸግር ይመሳሰላል። ከ1,000 ወሊድ በ4 ገደማ ይታያል፤ መጠኑም ከሕዝብ ሕዝብ ብዙ አይለያይም። በአብዛኛው ከቤተሰብ ጋር ስለማይያያዝ፣ አክስቷ ቁርጥ አንድ የሆኑ መንትዮች ብትወልድም የእህት ልጅ ዕድል በዚህ ምክንያት ከፍ አይልም።

ዘር ያለው በሁለተኛው ነው። ሴቷ በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ትለቅና እያንዳንዱ ከየራሱ የወንድ ዘር ጋር ይዋሐዳል። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ከመረገዛቸው በቀር እንደማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው፤ ወንድና ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ። ከወላጅ የሚወረሰው በወር ከአንድ በላይ እንቁላል የመልቀቅ ጠባይ ነው። እንቁላል የምትለቀው ደግሞ ሚስት ናት፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የእርሷ ወገን ነው። እናቷ ወይም እህቷ እንዲህ ያለ መንታ ወልደው ከሆነ የእርሷ ዕድል በግምት እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ሆኖም ግን ከመቶ ወሊድ ጥቂቱ ነውና፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሴቶች የሚወልዱት አንድ አንድ ልጅ ነው።

በባል ቤት መንታ መብዛቱ የሚስቱን ዕድል አይጨምርም። ባልየው ግን ከነገሩ ውጭ አይደለም፤ ከእናቱ የወረሰውን ጠባይ ለሴት ልጁ ያቀብላል። «መንታ አንድ ትውልድ ይዘላል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ይመስላል። አያት መንታ ትወልዳለች፣ በወንድ ልጇ ላይ ምንም አይታይም፣ በልጅ ልጇ ይወጣል። ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ ግን መዝለል የሚባል ሕግ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጥናት ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዙ ሁለት ጂኖች ተለይተዋል፦ ኤፍኤስኤችቢ እና ስማድ3። የመጀመሪያው እንቁላልን የሚያሳድገውን ሆርሞን መጠን ይነካል፤ ሁለተኛው እንቁላል የምታመነጨው እንቁልጢ ለሆርሞኑ የምትሰጠውን ምላሽ። ይኸው ሆርሞን ከ35 ዓመት በኋላ ስለሚጨምር፣ በሠላሳዎቹ ማብቂያ የምትወልድ ሴት በቤተሰቧ መንታ ባይኖርም መንታ ልታገኝ ትችላለች። ደጋግሞ መውለድ፣ የቁመት መርዘምና የሰውነት መግዘፍም ዕድሉን ይጨምራሉ።

በዓለም በመንታ የታወቀችው ከተማ በናይጄሪያ ኦዮ ግዛት የምትገኘው የዮሩባ ሕዝብ ከተማ ኢግቦ ኦራ ናት። ፓትሪክ ናይላንደር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአካባቢው ባደረገው ጥናት ከ1,000 ወሊድ 45 እስከ 50 የሚሆነው መንታ ነበር። ነዋሪዎቹ ምክንያቱ የባሚያ ቅጠል ሾርባና ያም ከሚባል ሥራሥር የሚሠራው አማላ የተባለ ገንፎ ነው ይላሉ፤ የምግቡ ድርሻ ግን አልተረጋገጠም። በዮሩባ ቀድሞ የተወለደው ታይዎ፣ ተከታዩ ኬሂንዴ ይባላል፤ ታላቅ የሚባለው ግን ኬሂንዴ ነው፣ ታይዎን ዓለምን ቀምሶ እንዲያይ አስቀድሞ ልኮታልና። ይህን የሰማ የእኛ አገር ሰው ዛራ አስቀድሞ እጁን አውጥቶ ቀይ ፈትል ታስሮለት ሳለ ፋሬስ ቀድሞት የተወለደበትን የኦሪት ታሪክ ሳያስታውስ አይቀርም።

ዛሬ በዓለም ከሚወለዱ 42 ልጆች አንዱ መንታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የመንታ ወሊድ መጠን በአንድ ሦስተኛ የጨመረው በመካንነት ሕክምናና ዘግይቶ በመውለድ ነው እንጂ ዘር ተለውጦ አይደለም።

«በቤታችሁ መንታ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከወሊድ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቢጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። መንትዮች ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይደርስና ክብደታቸው አንሶ ይወለዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከአምስት መንታ ልጆች አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። እናት የወገኗን ታሪክ ለአዋላጇ ከነገረች አልትራሳውንድ በጊዜ እንዲደረግላት መጠየቅ ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲታይ ሁለቱ ጽንሶች አንድ እንግዴ ልጅ ይጋሩ እንደሆነ በደንብ ይለያል። የሚጋሩ ከሆነ የአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊያደላ ስለሚችል ክትትሉ እስከ ወሊድ ድረስ ይበልጥ የቀረበ ይሆናል።