«የእሳት እራት» ማን ነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው «በርካታ ሱቆች የእሳት እራት ሆኑ» ሲል ሰማሁ። ለባለሱቆቹ አዘንኩ። ለአባባሉም አዘንኩ።

አያቴ ጎጃም ነበር የምትኖረው። ቤቷ ውስጥ፣ ከምድጃው ፈንጠር ብሎ፣ በጭቃና በጭድ የተሠራ ጎታ ነበር። ማታ ለንፍሮ በቆሎ ልትቀዳ ክዳኑን ስታነሳ፣ ገለባ የመሰሉ ትንንሽ የእሳት እራቶች ቡን ብለው ይወጣሉ። «ነቀዘብኝ!» ትላለች። ወዲያው ኩራዙን መዞር ይጀምራሉ። አንዱ ጠስ ይላል። አያቴ በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች «ሂድ፣ አንተ ምስኪን» ትለዋለች። እህሏን ለበላ እንዲህ ስትራራ ይገርመኝ ነበር።

ካደግኩ በኋላ ነው ሲቶትሮጋ የሚባል የእሳት እራት ወገን መኖሩን ያወቅኩት። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ እህል ቆርጣሚ እንደማለት። ክንፉ ተዘርግቶ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ቢሞላ ነው። ትሉ አንዲት ፍሬ ሰርስሮ ይገባና እዚያው ያድጋል። ከመለወጡ በፊት መውጫውን ያበጃል፤ ስስ ልጣጭ ብቻ ይተውበታል። ክንፍ ሲያወጣ ያንን ገፍቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዕድሜው የቀናት ነው።

ታዲያ ለምን «እራት» ተባለ? ለምን ምሳ አልሆነም? እኔ ቃሉ የተወለደው ጎታ ባለበት ቤት፣ ቤተሰቡ መሶብ ከቦ በተቀመጠበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው እራቱን ሲቆርስ እሳቱም የራሱን በላ። ይህን ያለችው ደግሞ ኩራዙ አጠገብ የተቀመጠች እናት ትመስለኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ጥናት የአያቴን ርኅራኄ አስታወሰኝ። ነፍሳት ሌሊት ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ለዘመናት ብርሃኑ ያለው ከላይ፣ ሰማይ ላይ ነበርና። መብራት አጠገብ ሲደርሱ ይኸው ልማድ ያጠምዳቸዋል፤ ይዞራሉ፣ ይገለበጣሉ። እሳቱን ወደውት አይደለም። ሰማይ መስሏቸው ነው።

እንግዲህ የእሳት እራት ማለት ተታሎ፣ በገዛ ክንፉ በርሮ የገባ ነው። ሱቅ ቆሞ ባለበት እሳት መጣበት። «ተቃጠለ» ወይም «ወደመ» ማለት ምን ይከብዳል? በቃጠሎ ለሞተ ሰው ሲባልማ ጭራሽ ያመኛል። ዜና የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ተዉት። ልጇን በቃጠሎ ያጣች እናት ሬዲዮ ትሰማለች። ልጇ እኮ ተኝቶ ነበር።