ስለ ሥጋ ከብትና ስለ ግጦሽ የምንሰማው እና እውነታው

ከብት ማርባት አብዛኛውን ጊዜ ከአባትና ከእናት የሚወረስ ሙያ ነው። ከሙያው ጋር የተሳሳተ ነገርም አብሮ ይወረሳል። አንዳንዱ ብዙ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን መሬቱን ያራቁታል፣ ከብቱንም ይገድላል።

«ግጦሹን የሚያጠፋው የከብት ብዛት ነው»

ቁጥር ለውጥ አያመጣም አልልም። መሬቱ ከሚችለው በላይ ከብት ከጫኑበት ማለቁ አይቀርም። ሣርን በዋናነት የሚገድለው ግን ጊዜ ነው። ጥቂት ላሞች ብቻ ዓመቱን ሙሉ አንድ መስክ ላይ ይለቀቁ እንበል። የሚወዱትን ሣር እየመረጡ ይግጣሉ። ሣሩ ለጋ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ተመልሰው ያንኑ ይነጩታል። ቅጠል የሌለው ሣር ምግቡን መሥራት ስለማይችል ከግርጌው ያጠራቀመውን ስንቅ ይጨርሳል። ሥሩ እያጠረ ይሄዳል። ዝናብ ሲጠፋ ቀድሞ የሚደርቀውም እሱ ነው። ከብቶቹ የማይነኩት አረም ደግሞ ቦታውን ይወርሰዋል።

ፈረንሳዊው የግጦሽ ተመራማሪ አንድሬ ቮይዚን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጥብቆ ያስተማረው ይህንኑ ነበር፦ ሣሩ ሳያገግም ዳግም አይጋጥ። ስለዚህ መስኩን ከፋፍሎ በፈረቃ ማስጋጥ ያዋጣል። ሣሩ ፈጥኖ በሚያድግበት ወቅት ከ20 እስከ 30 ቀን እረፍት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ደረቅ ሲሆን 60 ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ግን ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ማየት ይሻላል። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ሲቀር ሥሩ ማደጉን ይቀጥላል። ተላጭቶ ሲያልቅ ግን ሥሩ ለቀናት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ሣሩ በረዘመ ቁጥር መኖው ይሻላል»

መጠኑ ይጨምራል፣ ምግብነቱ ግን ይቀንሳል። ሣር አብቦ ዘር ሲይዝ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ይወርዳል። ድርቆሽ የሚታጨደውም ማበብ ሲጀምር ነው። ዘሩ እስኪረግፍ የጠበቀ ሰው የሚከምረው ገለባ የሚመስል ነገር ነው።

«ቶሎ ለማድለብ እህሉን በአንዴ ማብዛት»

ይህኛው ነው ከሁሉም የሚያስፈራኝ። የአንድ ትልቅ ከብት ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሣሩን የሚፈጩለት እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ሣር የለመደ ከብት ድንገት ብዙ እህል ሲበላ አሲድ የሚፈጥሩት ተሕዋስያን ይበዛሉ፤ ጨጓራው ይቆጣል፣ ከብቱም ሊሞት ይችላል። እህሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ይጨመር፤ ድርቆሽም ከፊቱ አይጥፋ።

አልፋልፋና ማገጥ የሚባሉት የመኖ ዕፅዋትም ለጋ ሲሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የራበ ከብት እዚያ ላይ ከተለቀቀ ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ቀድሞ ድርቆሽ ይብላ። ከዚያ በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ እያያችሁ ቆዩ። ጎድጓዳነቷ ጠፍቶ እንደ ከበሮ ከተወጠረች ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ።

«ቢጫ ስብ የታመመ ከብት ምልክት ነው»

አብዛኛውን ጊዜ የለምለም ሣር ምልክት ነው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን በአረንጓዴ ሣር ውስጥም አለ፤ ከብቱ ስቡ ውስጥ ያጠራቅመዋል። እርግጥ በዕድሜ የገፋ ከብትም ስቡ ቢጫ ሊሆን ይችላል። በቀለሙ ብቻ መፍረድ ግን ልክ አይደለም።

«የሥጋ ጥራት የመኖ ጉዳይ ብቻ ነው»

ዘሩም፣ ዕድሜውም፣ አያያዙም አሉበት። ለወራት በጥንቃቄ የደለበ ሰንጋ በመጨረሻዋ ቀን ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከመታረዱ በፊት የተንገላታ ወይም ለረጅም ሰዓት የተራበ ከብት በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሳል። ያ ስኳር ከእርድ በኋላ ወደ አሲድ ተቀይሮ ሥጋውን የሚያስተካክለው ነበር። ሲያልቅ ሥጋው ይጠቁራል፣ ያጣብቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ዱላ ያረፈበት ቦታ ደግሞ ደም ቋጥሮ ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ ከብቱ በዝግታ ይነዳ፣ ከሚያውቃቸው ጋር ይጫን፣ ውሃም አይከልከል። ከታረደ በኋላም ሥጋው ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ንጹሕ ቀዝቃዛ ክፍል ከ7 እስከ 14 ቀን ቢሰነብት የራሱ ኢንዛይሞች ያለሰልሱታል።