«ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ነው» እና ሌሎች ስለ ድምፅ ሶፍትዌር ያሉን የተሳሳቱ አመለካከቶች

ጅማ ውስጥ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ብዙ ነው። መዝሙር የሚቀርጽ አለ፣ መንዙማ የሚቀርጽ አለ፣ ለሠርግ ቪዲዮ ድምፅ የሚያስተካክል አለ፣ በትርፍ ሰዓቱ ፖድካስት የሚሞክር የኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ተማሪም አለ። ማሽኑ ግን እንደየኪሱ ነው። አንዱ ጋ ሁለተኛ እጅ የተገዛ ኮር ቱ ዱዎ፣ ሌላው ጋ አዲስ ኮር አይ 7፣ አንዱ ጋ ራስፕበሪ ፓይ የሚባለው መዳፍ የሚያህል ትንሽ ኮምፒውተር፣ አንዱ ጋ ደግሞ ስልክ ብቻ።

በክራክ ሶፍትዌር ከመሥራት ይልቅ ኦዳሲቲንና አርዶርን የመሳሰሉ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራሞችን ልጠቀም የሚል ሰው ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል። ግን ገና ሲጀምር አንድ ነገር እምቢ ይለውና «ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ለየትኛው ፕሮሰሰርና እንዴት እንደተዘጋጀ ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሶርስ ኮድ ሰው የጻፈው፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር በቀጥታ አይረዳውም። ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ትእዛዝ ይቀይረዋል። ኮምፓይል ማድረግ ማለት ይኸው ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሚረዱት ኤክስ 86 የሚባለውን የትእዛዝ ዓይነት ነው። ስልኮቻችንና ራስፕበሪ ፓይ ደግሞ አርም የሚባለውን። ለአንዱ የተዘጋጀውን ፋይል ሌላው ላይ ለመክፈት ስትሞክሩ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም) «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ይላችኋል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ለሌላ ፕሮሰሰር የተሠራ ነው።

እንግዲህ በተደጋጋሚ ወደምሰማቸው ግምቶች ልግባ።

«የእኔ ኢንቴል ነው፤ ኤኤምዲ 64 የሚለው ፋይል አይሆነኝም»

ይሆናችኋል። የኤክስ 86ን 64 ቢት ትእዛዞች መጀመሪያ ያወጣው ኤኤምዲ ነው። በእነዚህ የሚሠራው ኦፕቴሮን የተባለው ፕሮሰሰሩ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ኢንቴል በኋላ ያንኑ ተቀበለ። ስሙ ግን ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ እንደነበረ ቀረ። ኢንቴል ኮር አይ 5 የያዘ ሰው ማውረድ ያለበት ይኸንኑ ኤኤምዲ 64 የሚለውን ነው። ኮር ቱ ዱዎም 64 ቢት ነው። ብዙዎቹ 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ስለሚመጡ ባለቤቶቹ አያውቁትም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዴቢያን 13 ከወጣ ወዲህ 32 ቢት ለሆኑ የኤክስ 86 ማሽኖች የሚሆን መጫኛ አያዘጋጅም።

«64 ቢት ፕሮግራም ድምፁ ይጠራል»

እዚህ ላይ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች ተቀላቅለዋል። የፕሮሰሰሩ 64 ቢት በዋናነት የሚመለከተው ፕሮግራሙ ምን ያህል ሜሞሪ መጠቀም እንደሚችልና ቁጥሮችን እንዴት እንደሚይዝ ነው። የቅጂው ቢት ደግሞ እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና (ድምፁ በየቅጽበቱ ተለክቶ የሚያዝበት ቁጥር) ስንት ደረጃ እንዳለው ይናገራል። 16 ቢት በትንሹና በትልቁ ድምፅ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል ስፋት ይሰጣል፤ 24 ቢት በስሌት ወደ 144። በ32 ቢት ፕሮሰሰር ላይ 24 ቢት ድምፅ መቅረጽ ይቻላል፣ ሲሠራበትም ኖሯል። ድምፃችሁ እንዲጠራ ከፈለጋችሁ ማይኩንና ክፍሉን አስቡ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ፕሮሰሰር አያስቆመውም።

«ኮዱ አንድ እስከሆነ ድረስ የትም ኮምፓይል ቢደረግ ውጤቱ ያው ነው»

ይህኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የድምፅ ሶፍትዌር ላይ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው እዚህ ነው።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ቻር» የሚባል 8 ቢት የሚይዝ የቁጥር ዓይነት አለ። ኔጋቲቭ ቁጥር ይይዛል ወይስ አይይዝም? ቋንቋው ለኮምፓይለሩ ትቶታል። ሊኑክስ ላይ በኤክስ 86 ከ128 ኔጋቲቭ እስከ 127 ይይዛል። በአርም ግን ከ0 እስከ 255 ነው። አሁን አንድ ፕሮግራመር ኢንቴል ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ 8 ቢት የድምፅ ናሙናዎችን በቻር አስቀመጠ እንበል። እሱ ጋ በትክክል ይሠራል። ያንኑ ኮድ ራስፕበሪ ፓይ ላይ ኮምፓይል ስታደርጉት አንድ ስህተት እንኳ ሳያሳይ ያልቃል። ስታጫውቱት ግን 1 ኔጋቲቭ የነበረው ናሙና 255 ይሆናል። ከዜሮ በታች ያለው የሞገዱ ግማሽ በሙሉ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል። የምትሰሙት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ሰውም ስፒከሩን፣ ኬብሉን፣ ሳውንድ ካርዱን ሲቀያይር ይውላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለኮምፓይለሩ «ኤፍ ሳይንድ ቻር» የሚባለውን አማራጭ ስትሰጡት ቻር እንደ ኤክስ 86 ይሆናል። ከዚያም የሚሻለው ኮዱን ራሱን ማረምና ለባለቤቶቹ መላክ ነው፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይገላገላል። የሚገርመው አፕል በራሱ የአርም ማሽኖች ላይ ቻር ኔጋቲቭ እንዲይዝ አድርጎታል። ስለዚህ «አዲሱ ማክ ላይ ሠርቷል፣ እሱም አርም ነው» የሚለው ክርክር እዚህ አያዋጣም።

የቆየ ኮድ ሌላም ችግር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የታሸጉ ፕሮግራሞች 64 ቢት አርም የሚባል ነገር አያውቁም። ከኮምፓይል በፊት ማሽኑን የሚመረምረውን «ኮንፊገር» ስታስጀምሩት ማሽኑን አላወቅሁትም ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ይህ ፕሮግራም ለአርም አልተሠራም» ብሎ ይደመድማል። የጎደለው ግን ብዙውን ጊዜ «ኮንፊግ ጌስ» እና «ኮንፊግ ሰብ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች መታደስ ነው። ዴቢያን ላይ «አውቶቱልስ ዴቭ» ከሚባለው ፓኬጅ አዲሶቹን ወስዳችሁ በአሮጌዎቹ ላይ መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሳያስቸግር ይሄዳል።

«እኔ ጋ ኮምፓይል ያደረግሁትን በፍላሽ ለጓደኛዬ እሰጠዋለሁ፤ የእሱም ኢንቴል ነው»

ኤክስ 86 ሁሉ እኩል አይደለም። ድምፅ ላይ ብዙ ናሙናዎችን ባንዴ የሚያሰሉ ትእዛዞች በየጊዜው ተጨምረዋል። ኤቪኤክስ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኤቪኤክስ 2 በ2013 በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ መጡ። «ማርች ኔቲቭ» የሚባለውን አማራጭ ስትጠቀሙ ኮምፓይለሩ የእናንተን ፕሮሰሰር አይቶ ያለውን ሁሉ ይጠቀማል። ለእናንተ ግሩም ነው። የጓደኛችሁ ኮር ቱ ዱዎ ላይ ሲከፈት ግን «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ወዲያው ይዘጋል።

ጥሩ ምሳሌ አርኤንኤን ኖይዝ ነው። ከንግግር ላይ ጫጫታ የሚቀንስ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ነው፤ እዚህ አገር ዝናብ ሲዘንብ ቃለ ምልልስ ለሚቀርጽ ሰው በጣም ይጠቅማል። ኤቪኤክስ 2 ሲያገኝ ይፈጥናል። ሲዘጋጅ ግን «ኤክስ 86 አርቲሲዲ» የሚባል አማራጭ አለው። ይህን ስታበሩት ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለበትን ፕሮሰሰር ራሱ ይመረምርና የሚሆነውን መንገድ ይመርጣል። ለሌላ ሰው የምትሰጡትን ፋይል በዚህ መንገድ አዘጋጁ፤ ማርች ኔቲቭን ለራሳችሁ ብቻ ያዙት።

«ራስፕበሪ ፓይ 4 64 ቢት ነው፤ ስለዚህ የአርም 64 ፋይል ይሠራበታል»

ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑ እውነት ነው። የተጫነው ሲስተም ግን 32 ቢት ሊሆን ይችላል። 64 ቢቱ ራስፕበሪ ፓይ ኦኤስ በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጫኑ ብዙ ካርዶች አሉ። ይባስ ብሎ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 64 ቢት ሆኖ ፕሮግራሞቹ በሙሉ 32 ቢት የሆኑበት ሲስተምም አለ። «ዩኔም» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት «ኤ አርክ 64» (64 ቢት አርም ማለት ነው) ይላል፣ ሰው ይታለላል። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ «ዲፓኬጅ» የሚለው ትእዛዝ ነው፦ «ፕሪንት አርክቴክቸር» ብላችሁ ጠይቁት። «አርም ኤች ኤፍ» ካለ 32 ቢት ነው።

«ስልኬም አርም ነው፤ የራስፕበሪ ፓይን ፋይል እገለብጥበታለሁ»

አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር መሆን ብቻውን አይበቃም። አንድሮይድ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪው ከተለመደው ሊኑክስ የተለየ ነው። ስልክ ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ ተርመክስ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ እዚያው ኮምፓይል አድርጉ። ይሠራል።

«ኮምፓይል ለማድረግ ኃይለኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ነው»

የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው፣ ሁለተኛው ግን አይደለም።

ኮምፓይሉን ፋይል በፋይል የሚያስኬደው «ሜክ» የትኛው ፋይል እንዳለቀ በፋይሎቹ ሰዓት ያውቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ስትሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል። ልክ መብራቱ ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል መጨረሻ ላይ የተፈጠሩትን አንድ ሁለት ፋይሎች አጥፉና ቀጥሉ። «ሲካሽ» የሚባለውን ከጫናችሁ ደግሞ ሁሉንም አጥፍታችሁ ብትጀምሩ እንኳ የሠራውን መልሶ ይሰጣችኋል። ክረምት ላይ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚሄድበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አቅሙን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ራም ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትልቅ ፋይል ብቻውን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ባለ 2 ጊጋ ማሽን ላይ «ጄ 4» ብላችሁ አራት ፋይል ባንዴ ካስጀመራችሁ ሲስተሙ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። ስክሪኑ ላይ «ኪልድ» ብቻ ታያላችሁ። «ጄ 1» በሉት፣ ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩለት፣ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ያልቃል።

ሌላው መንገድ ጓደኛችሁ ጋ ባለው ኮር አይ 7 ላይ ለአርም ኮምፓይል ማድረግ ነው። ክሮስ ኮምፓይል ይባላል፤ ይፈጥናል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላይብረሪዎች የት እንዳሉ የሚናገረው «ፓኬጅ ኮንፊግ» በስህተት የኢንቴሉን ላይብረሪዎች ሊያቀብለው ይችላል። አንዳንድ ፕለጊኖች (በድምፅ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ደግሞ በዝግጅታቸው መሃል ራሳቸውን ማስነሳት ይፈልጋሉ። ዲፒኤፍ በሚባለው ማዕቀፍ የተሠሩ ኤልቪ 2 የሚባለው ዓይነት ፕለጊኖች ለምሳሌ ስለራሳቸው የሚገልጸውን ፋይል የሚያወጡት ፕለጊኑን ከፍተው በማንበብ ነው። የአርም ፕለጊን ኢንቴል ላይ አይከፈትም፤ መሃል ላይ ኪውኢኤምዩ (አንዱን ፕሮሰሰር ሌላው ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) መግባት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ እዚያው ፓዩ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ብትተዉት እመርጣለሁ።

ኢንተርኔቱንም አትርሱ። ኦዳሲቲን ሶርስ ኮዱን በፍላሽ አምጥታችሁ ቤት ብትጀምሩት በዝግጅቱ ወቅት ተጨማሪ ላይብረሪዎችን ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ደረጃ ዋይፋይ ባለበት ጨርሱት።

«ድምፁ የሚቆራረጠው ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ ነው። መጀመሪያ በፈሩን (ፕሮሰሰሩ ባንዴ የሚያሰላቸውን የናሙናዎች ብዛት) እዩ። በ48000 ኸርዝ 256 ናሙና ማለት ፕሮሰሰሩ 5.3 ሚሊሴኮንድ ገደማ አለው ማለት ነው። ወደ 1024 ብታሳድጉት 21 ሚሊሴኮንድ ገደማ ያገኛል። ለሚክሲንግ ይህ በቂ ነው።

አንድ የተለየ ምልክት ግን አለ። ዘፋኙ ሲዘፍን ምንም የለም። ዝም ካለ በኋላ፣ ሪቨርቡ (ድምፁ ላይ የተጨመረው ማስተጋባት) እየሳሳ ሲሄድ፣ የፕሮሰሰሩ ሥራ ድንገት ይጨምርና ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። በዝምታ መሃል! ምክንያቱ ሪቨርቡ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚፈጠሩት እጅግ ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው። ዲኖርማል ይባላሉ። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እነሱን ሲያሰሉ በጣም ይንቀራፈፋሉ። ፕሮግራመሮች «እነዚህን ዜሮ አድርጋቸው» የሚል ማብሪያ ያበራሉ፤ ችግሩም ይጠፋል። ይህ ማብሪያ ግን በየፕሮሰሰሩ የተለየ ነው። ለኤክስ 86 ብቻ የተጻፈው መስመር ለአርም ኮምፓይል ሲደረግ ይዘለላል። በአሮጌው የ32 ቢት ኤክስ 86 ስሌትም ማብሪያው አይሠራም፤ ኤስኤስኢ የሚባሉትን ትእዛዞች እንዲጠቀም ኮምፓይለሩን ማዘዝ ያስፈልጋል። አርዶር ውስጥ ስለ ዲኖርማል የሚጠይቅ ሴቲንግ አለ፤ ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት እሱን ነክታችሁ እዩት።

«ሁሉንም ነገር ራስ ኮምፓይል ማድረግ ይሻላል»

ይህኛው ደግሞ ነገሩ ከገባቸው በኋላ የሚመጣ ነው። ዴቢያን ኦዳሲቲንም አርዶርንም ለኤኤምዲ 64ም ለአርም 64ም አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ከዴቢያን 13 ጀምሮ ሪስክ ፋይቭ የሚባለው አዲስ የፕሮሰሰር ዓይነትም በይፋ ተጨምሯል። አርዶር ከራሱ ድረ ገጽ ተዘጋጅቶ ሲወርድ ክፍያ አለው፤ ኮዱ ግን ክፍት ነው፣ የዴቢያኑም ፓኬጅ ክፍያ የለውም። «አፕት» (የዴቢያን ፕሮግራም መጫኛ) የሚሰጣችሁ ከበቃችሁ ተጠቀሙበት፣ ጊዜያችሁን ለቀረጻው አውሉት።

ራሳችሁ ኮምፓይል ማድረግ ውስጥ የምትገቡት አዲስ ስሪት የግድ ሲያስፈልግ፣ የምትፈልጉት ፕለጊን ለእናንተ ፕሮሰሰር ያልተዘጋጀ ሲሆን፣ ወይም እንደ ቻሩ ያለ ስህተት ማረም ስትፈልጉ ነው። ያኔ መጀመሪያ በአፕት ሴቲንግ ውስጥ የሶርስ ኮድ ማከማቻውን አብሩና «አፕት ቢልድ ዴፕ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ጻፉ። የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ለያዛችሁት ፕሮሰሰር ባንዴ ያመጣላችኋል።