የሮማውያንን ፍርስራሽ ከባለሙያ ጋር መጎብኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሮማውያን የተዉትን ፍርስራሽ ለማየት ወደ ጣሊያን የሚሄድ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ያተኩራል፤ በሮም ከተማ ኮሎሲየምንና አጠገቡ ያለውን ፎረም (የጥንቷን ሮም ዋና የሕዝብ አደባባይ)፣ ከናፖሊ አለፍ ብሎ ደግሞ ፖምፔይን። ስለ ሁለቱም ብዙ ይወራል፤ ከሚወራውም ውስጥ ስሕተት አይጠፋም። በብዛት ከሚሰሙት ጥቂቶቹን ከእውነታው ጋር እናስተያያለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ታሪኩን ከስልኬ አነበዋለሁ፤ አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል?»

ታሪኩ በእርግጥ ከስልክ ይነበባል። ከስልክ በቀላሉ የማይገኘው ፊት ለፊት ከቆመው ድንጋይ የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው የኋለኛ ዘመን ሰው ሥራ እንደሆነ ለይቶ ማየት ነው፤ ለባለሙያ አስጎብኚ የሚከፈለውም በዋናነት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በፎረሙ ጫፍ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ የቲቶ መታሰቢያ ቅስት ጥሩ ማሳያ ነው። ሳያስተውል የሚያልፍ ሰው አንድ ወጥ ሐውልት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቅስቱ በመካከለኛው ዘመን የምሽግ አካል ተደርጎ ስለነበር ዳርና ዳሩ ጠፍቶ ነበር፤ በ1820ዎቹ አርክቴክቱ ጁሴፔ ቫላዲየር ሲያድሰው የጎደለውን የሞላው በእብነ በረድ ሳይሆን ትራቨርቲን በሚባለው ድንጋይ ነው። ወደ መሃል ያሉት ዓምዶች ከላይ እስከ ታች የተፈለፈለ ቦይ ሲኖራቸው፣ የዳሮቹ ልሙጥ ናቸው። ይህም የተደረገው አቅም አንሶ ሳይሆን፣ ተመልካቹ አዲሱን ከአሮጌው እንዳያምታታ ታስቦ ነው። በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሮማውያን በ70 ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲጓዙ ተቀርጾ ይታያል፤ ይህ ክፍል የጥንቱ ነው። ልዩነቱን እዚህ አንድ ጊዜ የተማረ ዓይን በቀሪው መንገድ ሁሉ መፈለጉን አይተውም።

«ፖምፔይን ያጠፋት ላቫ ነው፤ የሚታዩትም ድንጋይ የሆኑ ሬሳዎች ናቸው።»

ሁለቱም ስሕተት ነው። በ79 አጠገቧ ያለው እሳተ ገሞራ ቬሱቪየስ ሲፈነዳ በከተማዋ ላይ በመጀመሪያ የዘነበው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነበር፤ ይህም ለሰዓታት ሲከመር ቆይቶ ብዙ ጣሪያዎችን ደረመሰ። በማግስቱ ጠዋት የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ጎርፍ ተምዘግዝጎ በመምጣት በከተማዋ የቀሩትን ፈጀ። አመዱ በአስከሬኖቹ ዙሪያ ሲጠነክር ሥጋው ቀስ በቀስ ፈረሰ፤ በቦታውም የሰው ቅርጽ ያለው ባዶ ጉድጓድ ቀረ። በ1863 የቁፋሮው ኃላፊ ጁሴፔ ፊዮሬሊ በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ጀሶ እንዲፈስስ አደረገና ከደረቀ በኋላ ዙሪያው ሲጸዳ የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ወጣ። (እኛም ጀሶ የምንለው ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደን ነው።) ስለዚህ ጎብኚው የሚያየው የጀሶ ቅርጽ ነው፤ አጥንቱ ግን በብዙዎቹ ውስጥ አሁንም አለ።

ስለ ሟቾቹም ቢሆን ያልተጣራ ነገር ይነገራል። የከተማዋ ሕዝብ ከ10 ሺህ በላይ እንደነበር ሲገመት፣ እስካሁን የተገኙት ሟቾች ከ1 ሺህ ጥቂት ከፍ የሚሉ ናቸው፤ ሲሶ ያህሉ የከተማዋ ክፍል ገና ያልተቆፈረ መሆኑ ባይዘነጋም፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ ሳይሸሽ አልቀረም።

«ባለሙያ ከሆነ የሚናገረው ሁሉ የጸና ነው።»

ለረጅም ዘመን በፖምፔይ የወርቅ አምባር ያደረገ አዋቂ ሰው ከሕፃን ጋር መገኘቱ «እናት ልጇን ታቅፋ ሞተች» ተብሎ ሲነገር ኖሯል። በ2024 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን አዋቂው ወንድ እንደነበረ፣ ከሕፃኑም ጋር ዝምድና እንዳልነበረው አረጋገጠ። የፍንዳታው ቀንም እንዲሁ ነው፤ በመጻሕፍት ነሐሴ (ኦገስት) ውስጥ ይባል የነበረው፣ በ2018 በከሰል የተጻፈና ጥቅምት (ኦክቶበር) አጋማሽን የሚያመለክት ጽሑፍ በአንድ ግድግዳ ላይ ከተገኘ ወዲህ ብዙዎች ወደ ጥቅምት መጨረሻ ያደላሉ። ጥሩ አስጎብኚ «ይህ በእርግጥ የታወቀ፣ ያኛው ግምት» ብሎ ይለያል። ሁሉንም በእኩል እርግጠኝነት የሚናገር ካጋጠመ፣ «ይህን በምን አወቅን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ኔሮ ክርስቲያኖችን በኮሎሲየም ለአንበሳ ይጥል ነበር።»

ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስንና የጳውሎስን ሰማዕትነት ስናከብር ላደግን ሰዎች የኔሮ ጭካኔ አዲስ አይደለም። በ64 ሮም ከተቃጠለች በኋላ በክርስቲያኖች ላይ የደረሰው መከራ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። ኔሮ የሞተው በ68 ሲሆን፣ ኮሎሲየምን ያስጀመረው ከእርሱ በኋላ የነገሠው ቬስፓሲያን ነው፤ ያስመረቀውም ልጁ ቲቶ በ80 ነው። ይልቁንም ሕንጻው የቆመው በኔሮ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የነበረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተደፍኖ ነው፤ «ኮሎሲየም» የሚለው ስምም በአቅራቢያው ከነበረው ግዙፍ የኔሮ ሐውልት እንደመጣ ይታመናል።

«የኮሎሲየም ግድግዳ የተበሳሳው በጥይት ነው።»

አይደለም። ድንጋዮቹን እርስ በርስ ያያያዙ የብረት ማሰሪያዎች ነበሩ፤ ብረት ውድ በነበረበት በመካከለኛው ዘመን ሰዎች እየፈለፈሉ ወሰዷቸው።

«ፖምፔይ በአንድ ሰዓት ታልቃለች።»

ከተማዋ 66 ሄክታር ያህል ስፋት ያላት፣ መንገዷ ወጣ ገባ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ጥላዋም ጥቂት የሆነች ናት፤ ግማሽ ቀን ቢመደብላት አይበዛም። የሚያስቸኩል አስጎብኚ የጋሪ ጎማ በድንጋዩ ላይ የቆፈረውን ቦይ ያሳይና ያልፋል። የማያስቸኩለው ግን ከመንገድ ዳር ገንዳ አጠገብ ያቆማል፤ ሰዎች ውኃ ለመጠጣት ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን እያሳረፉ ያሟሟት ጠርዝ ላይ መዳፉን ያኖራል፤ መዳፉም ልክ ይገባል። በር ላይ ቀርቦ «ሰልፍ አስዘልላለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥም ግን ፍተሻውን ማንም እንደማያስዘልል ማወቅና የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል።

«በዚያ ሰፈር ኢትዮጵያን የሚመለከት ነገር የለም።»

ከኮሎሲየም ተነሥቶ የፈረስ ጋሪ እሽቅድድም ይካሄድበት ወደነበረው ሰርከስ ማክሲመስ የሚሄድ ሰው የፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳል። በ1937 የሙሶሊኒ መንግሥት ከአክሱም አምጥቶ ያቆመው፣ 24 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሐውልት እስኪነቀል ድረስ የነበረው እዚያ ነው፤ በ2005 ተከፋፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2008 በአክሱም ዳግም ቆሟል። ጉብኝቱ የጥንት ሮምን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ አስጎብኚው ሳያነሣው ሊያልፍ ይችላል፤ ካላነሣው ይጠየቅ።