ምስጉን መምህርና ሠራተኛ፦ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሽልማት በወሎ

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ ኮምቦልቻ ይደረሳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚያስተምረው እዚህ፣ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው ሁሉ አለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ የምህንድስና ትምህርት ቤት «የዓመቱ ምርጥ» ብሎ ማንን መሸለም አለበት? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሽልማት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዓመቱ ማብቂያ ግምገማ ላይ ወይም በምርቃት ሰሞን ነው። በማርች 8 ደግሞ ሴት መምህራንና ሠራተኞች ይመሰገናሉ። ለመምህራን መነሻው በየሴሚስተሩ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ተማሪው፣ ባልደረባውና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሞሉታል። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ተርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኃይል ትምህርት) የሚያስተምርና ግሬድ ላይ ጠበቅ የሚል መምህር ከተማሪው እንደ ለጋሱ መምህር ነጥብ አያገኝም። ተማሪው የሰውየውን ዋጋ የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ፋብሪካ ገብቶ እንፋሎት በሚያፈላው ቦይለር ፊት ሲቆም ነው።

ከማስተማር ሌላ ምርምርና የማህበረሰብ አገልግሎት ይታያሉ። ምርምር ለመቁጠር ይቀላል። ስኮፐስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች መዝገብ ላይ የወጣ ጽሑፍ ካለ ማንም አይከራከርም። ግን ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሻግረውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ያሳተመ ሰው አንዴ በማዕረግ፣ አንዴ በሽልማት ይከበራል። በበኩሌ ሽልማቱ ማዕረጉ ወደማያየው ሰው ቢያዘነብል እመርጣለሁ።

ያ ሰው ያለው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሠላሳ አርባ ተማሪ አንድ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ከብቦ ቆሟል። አንዱ ብረቱን መንጋጋው ውስጥ አስገብቶ በቁልፉ አጠበቀው። ቁልፉን ሳይነቅል ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ዘረጋ። ቢያስነሳው ቁልፉ ተፈናጥሮ ያገኘውን ይመታል። ቴክኒካል ረዳቱ ከየት መጣ ሳይባል እጁን ያዝ አድርጎ «ቁልፍህ የት አለ?» ይለዋል። ልጁ ይደነግጣል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። በዚያች ደቂቃ የተረፈ ዓይን የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አይወጣም። መለዋወጫ ሲጠፋ ከአሮጌ ማሽን አውልቆ የሚገጥመውም ይኸው ቱታ ለባሽ ነው። መምህሩ ለፒኤችዲ ይሄዳል፤ እሱ እዚያው አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባ በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በላከው የ70/30 ምደባ የምህንድስና ተማሪ ሲጎርፍ ሸክሙ የከበደው እንደሱ ባሉ ቴክኒሻኖችና ትናንት ተመርቀው ዛሬ ክፍል በሚገቡ ረዳት ምሩቃን ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከዚያ ወዲያ የተረፈውን ከወደመው ለይቶ መመዝገብ፣ የሚጠገነውን መጠገን ነበረ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመዝን ሳጥን በምዘና ቅጹ ላይ የለም።

የአስተዳደር ሠራተኞች ውጤት ተኮር ምዘና በዓመት ሁለቴ ይሞላላቸዋል። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ «ግንባር ቀደም» ወይም «ሞዴል» ይባላል። አለቃ ግን ከማንም ጋር መቀያየም ስለማይፈልግ ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሞላል። ያኔ ሽልማቱ እንደ ዕቁብ በተራ ይዞራል። ዘንድሮ ሬጅስትራር፣ ከርሞ ንብረት ክፍል፣ ሲተርፍ ጥበቃ። ነገሩን የሚያስተካክለው ጠቋሚው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ማስገደድ ነው። «ታታሪና ሰዓት አክባሪ» ለማንም ይሆናል። «መብራት ሲጠፋ ሌሊት መጥቶ ጄኔሬተር አስነስቶ የላብራቶሪውን ናሙና አተረፈ» ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው።

ሥነ ሥርዓቱ እንደ በጀቱ ነው። ሰርተፍኬት አይቀርም፤ ሜዳሊያ ወይም ዋንጫ ይጨመራል፤ ሲገኝ ላፕቶፕ። የክብር እንግዳው ዘግይቶ መምጣቱም የታወቀ ነው። ጡረታ ለሚወጣ ጋቢ ይደረብለታል። ወሎ ደግሞ በምርቃት አይታማም። ቄስና ሸኽ ባሉበት አዳራሽ አንዱ ወገን «አሜን»፣ ሌላው «አሚን» እያለ ተሸላሚው በሁለቱም ይመረቃል። ልማትህ ይስፋ፣ ልጅህ ይደግ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ይረዝማል። ፕሮግራም መሪው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ የሚያቋርጥ ግን የለም።

ጭብጨባው ሲያበቃ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ሠራተኛው ኋላ ለደረጃ እድገት ሲወዳደር ኮሚቴው የሚያገላብጠው የግል ማህደሩን ነው፤ ማህደር ውስጥ ያልገባ የምስጋና ደብዳቤ እዚያ ጊዜ አይረዳውም። ነገሩ የገባው ተሸላሚ በማግስቱ ጠዋት ኮፒውን ይዞ ሰው ሀብት ቢሮ ይሄዳል። ቁጥር፣ ቀንና ማህተም መኖሩን ያያል። ከማህደሩ ጋር ሲያያዝ ካላየ አይወጣም።